የሳጥኗ ለቅሶ

ፊርማ ሲፈርሙት ከገለባ ይቀልላል። ክብደቱ የሚታወቀው የፈረሙለት ነገር መጥቶ ደጅ የቆመ ቀን ነው። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ቦታ ፈርሜያለሁ። ለዋስትና ፈርሜያለሁ፣ ለጋብቻ ፈርሜያለሁ፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ላለፈ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሳይቀር ፈርሜያለሁ። ከሁሉም ጉድ ያፈላብኝ ግን አንዱ ነው፤ «የጨረር አመንጪ ቁስ ኃላፊ» ከሚል መስመር ፊት ለፊት ያኖርኩት። ወድጄም አልፈረምኩ። አለቃችን ወረቀቱን ይዞ ብቅ ሲል ባልደረቦቼ በሙሉ ድንገት ሽንት ቤት መሄድ አማራቸው። እኔ አጎንብሼ አፈር ሳይ ስለነበር መምጣቱን አላየሁም።

የአፈር ባለሙያ ነኝ። ሌላው ሰው እየረገጠው የሚያልፈውን ነገር ጎንበስ ብዬ ሳይ እውላለሁ፣ ለዚያም ደመወዝ ይከፈለኛል። የምኖረው መርሳ ነው። የምሠራው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብላ በነበረች አነስተኛ የሙከራ እርሻ ላይ ነበር። እዚያ እርሻ ላይ ከማሽላው ሥር ምን ያህል እርጥበት እንዳለ የምትነግረን አንዲት ሳጥን ነበረችን። ቁመቷ ከጉልበት አይዘልም፣ ክብደቷ ግን አንድ ጠቦት ያህላል። ሆዷ ውስጥ ከባቄላ ፍሬ የማትበልጥ ጨረር የምታመነጭ ነገር ተቀምጣለች። መሬት ውስጥ በተተከለ ቱቦ ያችን ፍሬ በገመድ እናወርዳታለን፣ ቁጥሯን ትሰጠናለች፣ እንመልሳታለን። ሽፋኗ ውስጥ እስካለች ድረስ ከብዙ ሰው ይልቅ ደኅና ጎረቤት ናት። ለብረቷ ብሎ ቀጥቅጦ የከፈታት ሰው ግን ቤቱን ከነልጆቹ ይበክላል። ለዚህ ነው ጎኗ ላይ በቢጫ መደብ ሦስት ጥቁር ቅጠል የመሰለ ምልክት የተለጠፈባት። ምልክቱን የሚያውቅ ይሸሻል፤ የማያውቅ ደግሞ ያማረ ዕቃ መስሎት ያነሳታል።

በዚችው ሳጥን ሰበብ አንድ ጊዜ ባሕር ማዶ ለሥልጠና ተልኬ ነበር። ሥልጠናው እንዲህ ያሉ ቁሶችን በኮንትሮባንድ የሚያሻግሩ ሰዎችን አገሮች ተባብረው እንዴት እንደሚይዙ የሚያስተምር ነው። ከየአህጉሩ የመጣ ሰው አንድ አዳራሽ ሞልቶ የኮንትሮባንዲስት ምልክቶችን ስንጽፍ ሰነበትን። ብቻውን ይጓዛል። ያልበዋል። ሳይጠየቅ ይመልሳል። ዓይኑ ከጭነቱ አይነቀልም። በመዝጊያው ዕለት ጠርዙ ወርቃማ የሆነ የምስክር ወረቀት ሰጡን፤ ቀን ከሌት የሚሠራ የስልክ ቁጥር ያለበት ካርድም ጨመሩልን። «ከየትኛውም የዓለም ጥግ ደውሉ፤ ብቻችሁን አይደላችሁም» አሉን። አጨበጨብን። እኔ እንዲያውም ከጎረቤቴ በኋላ ነው ያቆምኩት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ወልድያ ተያዘች የተባለ ዕለት መርሳ እንደ ፈረሰ ሠርግ ተበተነች። ባለቤቴ ልጃችንን ይዛ፣ በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ በሚሄድ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ወጣች። ውጣ እንጂ ስትለኝ ሳጥኗን ለማን ጥዬ አልኳት። «እኔን ለማን እንደጣልከኝ ግን አልጠየቅክም» አለች። መኪናው ተነሳ። በማግስቱ ስልኩም መብራቱም ተቋረጠ፤ የዚያች ሴት የመጨረሻ ቃል ጆሮዬ ውስጥ እንደቆመ ቀረ።

ብቸኝነት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ሰው ሦስት ሰሃን አጥቦ የሚበላው በአንዱ ነው። ጠዋት «ተነሺ፣ ትምህርት ቤት ረፈደ» ብሎ ባዶ አልጋ ይቀሰቅሳል። ኪሱ ያለውን ካርድ እያወጣ ቁጥሩን ያነባል፣ ከማይሠራ ስልክ ጋር ያስተያየዋል፣ መልሶ ይከተዋል። ቁጥሩን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፤ የባለቤቴን ቁጥር ግን ያኔም አሁንም በቃሌ አልያዝኩትም።

እርሻው መዘረፍ የጀመረው ወንበር በመጥፋት ነው። ቀጥሎ በር ሄደ፣ ቀጥሎ የጣሪያው ቆርቆሮ። በየቀኑ በእግሬ እየሄድኩ ሳጥኗ ያለችበትን ክፍል ቁልፍ እነካካ ነበር። አንድ ቀን ስደርስ ቁልፉ በድንጋይ ሲደበደብ አድሯል። ቀጣዩ ቀን የሳጥኗ መሆኑን አወቅኩ። ከጎረቤቴ ከእትዬ ዘውዴ አህያ ተዋስኩ፤ ጭድ ላመጣ ነው አልኳቸው። ሳጥኗን ጭድ ውስጥ ቀብሬ ጫንኳትና ወደ ከተማ ነዳሁ። ልብ በሉ፤ ኮንትሮባንዲስት እንዲይዝ በአውሮፕላን ተልኮ የሠለጠነ ሰው ነው ጨረር በአህያ ጭኖ የሚሄደው።

ከተማው መግቢያ ላይ ገመድ ወጥሮ የቆመ ታጣቂ ነበር። ብቻዬን ነኝ። አልቦኛል። ዓይኔ ከጭነቱ አልነቀል ብሏል። ሰውዬው ገና አፉን ሳይከፍት «ጭድ ነው» አልኩት። የሥልጠናውን ምልክት አንድም ሳላጎድል አሟላሁ። አየኝ፣ አህያዋን አየ፣ ከዚያ የሚበላ ነገር ይዤ እንደሆነ ጠየቀኝ። ኪሴ ውስጥ የነበረችውን ቆሎ ዘረገፍኩለት፤ ገመዱን ዝቅ አደረገልኝ። በየድንበሩ ተተክሏል እየተባለ ሲተረክልን የነበረው የጨረር መፈተሻ በር መርሳ ላይ በአንድ እፍኝ ቆሎ ተከፈተ።

ቤት ማስቀመጥ አይታሰብም፤ ቤት ለቤት ፍተሻ ነበር። ግቢዬ ውስጥ ልቀብራት ወሰንኩ። እዚህ ላይ ነው ሙያ ሰውን እንደሚያጋልጥ የተረዳሁት። ሌላ ሰው ቢሆን እንደነገሩ ጫር ጫር አድርጎ ይደብቅ ነበር። እኔ የማውቀው ጉድጓድ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ አፈር የሚጠናበት። ርዝመቱ ሰው ያስተኛል፣ ጥልቀቱ ደረት ይደርሳል፣ ጠርዙ በገመድ የተለካ ነው፣ ፀሐይ ግድግዳውን እንድታበራው ደግሞ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋል። የከባድ መሣሪያ ድምፅ ሰውን ሁሉ ቤቱ በከተተበት በአንድ እኩለ ቀን ቆፈርኩ፣ አወረድኳት፣ አፈር መለስኩ። ጅብ እንዳይጭረው ድንጋይ ደረደርኩበት። ከዚያ ወገቤ ተቆርጦ ድንጋዩ አጠገብ ቁጭ አልኩና ራሴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ቀና ስል እትዬ ዘውዴ በአጥሩ ላይ እያዩኝ ነው።

እትዬ ዘውዴ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንድ ልጃቸው ጦር ሜዳ ወርዶ ወሬው የጠፋባቸው ሴት ናቸው። ማንን ነው ይመር፣ ብለው ጠየቁኝ። ምን ልበል? የሳጥኗ ነገር ለሚመለከተው አካል ብቻ ነው የሚነገረው፤ ደግሞም ወሬው ከግቢዬ ከወጣ ነገ ቆፍሮ የሚወስዳት አይጠፋም። ዝም አልኩ። በእኛ አገር አዲስ አፈር ፊት ዝም ያለ ሰው መልስ እንደሰጠ ይቆጠራል። ያኔ ተኩስ እየበረታ ቤተ ክርስቲያንም መካነ መቃብርም መድረስ ያቃተው ሰው ሬሳውን በግቢው ሲቀብር ሰንብቷልና ማንም እንግዳ ነገር አላየም። እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

ፀሐይ ዘወር ሳትል ቅሬው መጣ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ዳኛው ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ በምርኩዝ የሚሄዱ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማ የሌለ ሽማግሌ። የቅሬያችን ደንብ አጭር ነው። ሰው ሲሞት ሁሉም ይመጣል። የቀረ አንድ ሸክም እንጨት ይቀጣል። ጦርነትን የሚመለከት ልዩ አንቀጽ የለውም። ከተማው ውስጥ የቀረው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ እሱም ግድግዳ ግድግዳውን እየታከከ መጥቶ ግቢዬ ውስጥ ተቀመጠ።

ሟች ምንህ ነው ሲሉኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው አልኩ። ወንድ ያደረግኳት አስቤ ነው፤ ሚስቱ በሌለችበት ሰው ግቢ ሴት ሞተች ብል ከለቅሶው ቀድሞ ሽምግልና ይቀመጥ ነበር። ከየት ነው አሉ፤ ከውጭ የመጣ ነው አልኩ። ስሙን ሲጠይቁኝ ሳጥኗ ላይ የተጻፈውን የፋብሪካ ስም ነገርኳቸው። ሁለት ሦስቴ ሞከሩት፣ አልያዝላቸው ሲል «እንግዳው» ብለውት ተገላገሉ። ቀጥሎ የፈራሁት ጥያቄ መጣ፤ እስላም ነው ክርስቲያን? አልጠየቅኩትም አልኩ፣ እሱም እውነት ነው። ጋሽ እንድሪስ ተነሥተው ድንጋዩን ዞሩት። «አቀማመጡ ለሁለታችንም ይሆናል፤ አላህ የራሱን ያውቃል» አሉ። ከመጡት መካከል የነበሩት ቄስ አጠር ያለ ፍትሐት አደረሱ፣ ጋሽ እንድሪስ ዱኣ አደረጉ። በዓለም ላይ ያሉ እርጥበት መለኪያዎች ሁሉ ቢሰበሰቡ እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ አይገኝባቸውም።

ሊያስቀኝ ይገባ ነበር። እትዬ ዘውዴ ንፍሮ ይዘው እስኪገቡ ድረስ በእርግጥም ከንፈሬን ነክሼ ነበር የተቀመጥኩት። ንፍሮው ማሽላ ነው። የአፈር ሰው ነኝና ዘር ሳይ አውቃለሁ፤ የሚቀጥለው ክረምት ሊዘሩት መርጠው ያስቀመጡት ነው። ለማላውቀው እንግዳህ አሉኝና እጄ ላይ ዘገኑልኝ። ያኔ አለቀስኩ። ባለቤቴ ከዚያ መኪና ላይ ሆና ያየችኝ አስተያየት መጣብኝ፣ ልጄ መጣችብኝ፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አለማወቄ መጣብኝ። ጋሽ እንድሪስ «አብሽር፣ አብሽር» እያሉ ጀርባዬን መቱኝ። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ የሰው እጅ ሲነካኝ የመጀመሪያው ነበር። እኔን ያዩ ሌሎቹም ጀመሩ፤ ሁሉም ያላለቀሰለት ሰው ነበረው። ሦስት ቀን ተቀመጥን።

ከሠልስቱ በኋላ ሰው በየቤቱ ሲመለስ እትዬ ዘውዴ ግን አልቀሩም። ጠዋት ጠዋት እየመጡ ድንጋዩ አጠገብ ይቀመጣሉ። «የኔም ልጅ ሰው አገር ወድቆ ከሆነ እንዲህ አፈር የሚያለብሰው አያጣም» ይላሉ። ከዚያ ስለ ልጃቸው ያወሩኛል፤ ሲስቅ እንዴት እንደሚያስነጥሰው፣ ጫማውን ሁልጊዜ ግራውን አስቀድሞ እንደሚያጠልቅ። እንግዳህስ ምን ዓይነት ሰው ነበር ይሉኛል። ዝምተኛ ነበር፣ ዋሽቶኝ አያውቅም እላለሁ። ሁለት ጊዜ እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ሕጉ ነው የከለከለኝ ብል ደስ ባለኝ። ከሕጉ ይልቅ የያዘኝ ሌላ ነው፤ ከነገርኳቸው ነገ ጠዋት አይመጡም ብዬ ፈራሁ።

ጦርነቱ ከእኛ ዘንድ ፈቀቅ አለ፤ ስልኩም ነፍስ ዘራ። ባለቤቴ አንድ ዘመድ ዘንድ አዲስ ቁጥር ትታልኝ ነበር። አነሣች። አዲስ አበባ ደርሰዋል፣ ደኅና ናቸው። ረጅም ጊዜ ተላቀስንና መጨረሻ ላይ «ሳጥንህ ደኅና ናት?» አለችኝ፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ቀጥዬ የካርዱን ቁጥር ደወልኩ። ያነሣው ሰው ትሑት ነው። ሽፋኑ አልተከፈተም ወይ፣ ቁልፉ አልተሰበረም ወይ፣ የት ነው ያለው ብሎ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ስለ እኔ የጠየቀው ስሜ በምን በምን ፊደል እንደሚጻፍ ብቻ ነበር።

አንድ ፈረንጅና ሁለት የአገር ልጆች መኪና አስነሥተው መጡ። ከመቆፈሩ በፊት ለእትዬ ዘውዴ ልነግራቸው ደጃቸው ድረስ ሄጄ ነበር። አህያዋ ደኅና ናት ወይ ብቻ ብዬ ተመለስኩ። ቁፋሮው ሲጀመር ግቢው በሰው ሞላ። ለካ መንደሩ የእንግዳው ወገኖች ሬሳውን ሊወስዱ መጡ ብሎ ሊሸኝ ነው የወጣው። የጨረር መለኪያቸው ገና ወደ ጉድጓዱ ጠጋ ሲል እንደ ፈንድሻ ተንጣጣ፤ ቄሱ አማተቡ። ሳጥኗ ቢጫዋን ከነሦስት ቅጠሏ ይዛ ወጣች።

እንግዳው ይኼ ነው ወይ አሉ ጋሽ እንድሪስ። ነው አልኩና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ፣ ሳቁ ተላለፈ፣ ጋሽ እንድሪስም አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ያልሳቁት እትዬ ዘውዴ ብቻ ናቸው። ቀረብ አልኩና በባዶ አስለቀስኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። «ባዶ ነው ያለህ ማን ነው? እኔ የልጄን ነው ያለቀስኩ፤ አንተም የራስህን» አሉኝ። ወደ ጉድጓዱ ዞሩና «ይኼን ወስዳችሁት ስትሄዱ እኔ የት ልቀመጥ ነው?» አሉ። ፈረንጁ ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቀ። ከሁለቱ የአገር ልጆች የሚያስተረጉምለት ቁሱ በሰላም በመገኘቱ የተሰማቸውን ደስታ እየገለጹ ነው አለው። ፈረንጁ ዝቅ ብሎ እጃቸውን ጨበጣቸው።

መኪናው እንደሄደ ጋሽ እንድሪስ ምርኩዛቸውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተከሉ። የተከፈተ መቃብር ባዶውን አያድርም አሉ። ከእትዬ ዘውዴ ልጅ ልብሶች አንድ ሹራብ መጣ። እሱን አስገባን፣ አፈሩን መለስን፣ ድንጋዮቹን እንደ ነበሩ ደረደርን። በዚያ ቀን አንድም የቅሬ አባል አልቀረም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር፤ ግን ከካርዱ ባለቤቶች ፎርም ተላከልኝ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ቁሱን በመጠበቅ ረገድ የተባበሩ አካላት ካሉ ይጠቀሱ» ይላል። ብዙ አሰብኩ። ሐቁ ሐቅ ነውና «የሰፈራችን ቅሬ፤ ዳኛ ጋሽ እንድሪስ» ብዬ ሞልቼ ላክሁ። ከወራት በኋላ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ መጣ። በሚቀጥለው ዓለም አቀፍ የትብብር ጉባኤ ላይ ልምዱን እንዲያካፍል ቅሬው በዳኛው በኩል ተጋብዟል። የእኔ ስም የለበትም። ያ ስልኩን ያነሣው ሰው ያን ሁሉ ፊደል አንድ በአንድ አስቆጥሮኝ።

ደብዳቤውን ይዤ ጋሽ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩና አነበብኩላቸው። ከስንት አገር ነው የሚሰበሰቡት አሉ። ከየአህጉሩ ነው አልኩ።

«ማን ሞቶ?» አሉ።

ማንም አልሞተም፤ ለመተባበር ነው አልኳቸው። ደብዳቤውን ተቀበሉኝና ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ማንም ሳይሞት ይህን ያህል ሕዝብ የሚሰበሰብ ከሆነ ደግ ሰዎች ናቸው አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ያን ጊዜ ታዲያ ምነው ቀሩ ብለው ጠየቁኝ። ስልክ አልነበረማ፣ ጋሽ እንድሪስ፣ አልኩ።

«እኛስ ነበረን?» አሉ።

መልስ ጻፍልኝ አሉኝና ጻፍኩ። «ጥሪያችሁ ደርሶናል፤ አላህ ያክብራችሁ። ነገር ግን ቅሬያችን ደንብ አለው። ለቅሶ የቀረ አንድ ሸክም እንጨት ይቀጣል። እንጨቱን አድርሱና ከዚያ እንተባበራለን።» ቃል ሳልቀንስ ተርጉሜ፣ የቅሬውን ማኅተም አስመትቼ ላክሁት። ሳይውል ሳያድር መለሱ፤ ስለ ገንቢ አስተያየታችን አመስግነው ለሚመለከተው ክፍል እንዳስተላለፉት ገለጹልን።

ባለቤቴ ልጅቷ ትምህርቷን ሳትጨርስ አልመለስም ብላ አዲስ አበባ ናት። ስትደውል አሁንስ ማንን እየጠበቅክ ነው ትለኛለች። እኔና እትዬ ዘውዴ ጠዋት ጠዋት ድንጋዮቹ አጠገብ ተቀምጠን እንጨቱን እንጠብቃለን።